ዛላ ቆጣሪው

ክረምቱ ደክሞታል፤ ዝናቡ አባርቷል፣
የሸክላው ጣሪያችን ፀሐይ ላይ ይተናል፤
ከማንጋሎር ጠረፍ ነፋሱ ጨው ይዞ
በዘንባባው መሀል ይደርሳል ተጉዞ።
ዘጠኝ ቀን በተርታ ልጆች የበተኑት
አበባ ጠውልጓል ከድንግሊቱ ፊት፤
ቀይ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ሽታው ግን አልሞተም፤
ልጠርገው ነበረ፣ እጄ አልታዘዘም።

ልደት ነው ዛሬ ቀን፣ የማርያም፣ የሩዙ፤
በኛ አገር ሁለቱ በአንድ እጅ ነው የሚያዙ።

እኔ ሞንቱ ሎቦ፣ ደወል የምደውል፣
ከዓመት እስከ ዓመት ሻማ የምተክል፣
ዛሬ አንድ ቀን ብቻ ሹመቴ ከፍ ይላል፦
የእሸቱን ቅርጫት ክንዴ ይታቀፋል።
አባ ሴቬሪን ባርከው፣ ጠበሉን ረጭተው፣
‹‹በል አከፋፍላቸው›› ብለው ትከሻዬን መታ አድርገው
ሲገቡ ወደ ውስጥ፣ ሰልፉ ይጀመራል፤
ሕጉ አጭር ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ ዛላ ይሰጣል።
ቤት ደርሶ ፍሬው ተፈልፍሎ ይወቀጣል፣
ከኮኮናት ወተት፣ ከስኳር ይዋሃዳል፣
ታላቅ ለታናሹ በማንኪያ ያቀምሳል።
ከዚያ በፊት አዲስ ሩዝ የሚነካ የለም፤
ሳያመሰግኑማ እህል አይጣፍጥም።

‹‹ስንት ናችሁ?›› ማለት ቀላል ይመስል ነበር።
ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስናገር
አየሁት የሰው ፊት በቁጥር ሲሰበር፤
በቁጥርም ሲበራ።

ፊሎሜና ክራስታ፣ ‹‹አምስት›› ያለች አምና፣
ዘንድሮ ‹‹ስድስት›› አለች፤ ሳቅ እያለችና
የሳሪዋን ጫፍ ገልጣ አሳየችኝ ገና
ጥርስ ያላወጣ ልጅ።
‹‹ድድ ብቻ ላለው ሰው ዛላ ምን ሊረባው?››
ብዬ ብቀልድባት፣ ‹‹ግድ የለም፣ ያሽትተው፤
የእግዜርን ስጦታ ማሽተትም መብላት ነው።››

የሳልዳኛ ትንሿ፣ አራት ጣት አውጥታ፣
‹‹አንዱ ለአባቴ ነው፣ ይላካል በፖስታ፤
ዱባይ ሩዝ አይበቅልም›› አለች ተቆጥታ፣
ጥፋቱ የኔ ይመስል።

ቀጥላ ቀረበች አሎይዥያ ፒንቶ፤
ልጇ ከነጀልባው ሦስት ክረምት ጠፍቶ
ሬሳው አልተገኘ፣ ፍታት አልተፈታ፤
‹‹ሰባት›› አለች ዛሬም፣ ዐይኗ ሳይረታ።
ስድስት መሆናቸው ጎረቤት ያውቀዋል፣
ባሕሩም ያውቀዋል፣
እኔም አውቀዋለሁ።
ሰባት ቆጠርኩላት። የሰማዩን መዝገብ ማን ነኝ አርመዋለሁ?

ሰልፉ አለቀና ቅርጫቱን ባራግፍ
አንድ ዛላ ብቻ ተገኘች ከአንድ ጫፍ።
አንድ።
ምስጢር ላውጣ ዛሬ። ካርሚን ካረፈችበት
ካራት ዓመት ወዲህ፣
‹‹ለቆጣሪ ደግሞ ቆጣሪ የለው›› በማለት
ሁለት ነበር ይዤ የምሄደው ወደ ቤት፤
የእሷንም፣ የኔንም፣ እኔው ነኝ የምበላው፤
በልቼም ሲያበቃ ስኒዋን የማጥበው።

ዘንድሮ የእሷ ዛላ ለማን ደርሶ ይሆን?
ድድ ብቻ ላለው? ማዕበል ለሸሸገው?
አላውቅም። ተናደድሁ መጀመሪያ ላይማ፤
ቅርጫቱን ደግሜ ዳበስኩት በጨለማ።
የለም። ከዚያ ሳቅሁ።
እንዲህ ነበረች እኮ፤ ድስቷ ከእሳት ሳይወርድ
ግማሹን አድላ ምትጨርስ ለመንገድ።

ቤቴ ገባሁና ዛላዋን ዘርግቼ
ፍሬዋን ቆጠርሁት፤ ልማድ ነው፣ አልችልም ትቼ።
መቶ አርባ ሦስት ፍሬ።
አንድ ብዬ የያዝኩት መቶ አርባ ሦስት ነው፤
ጌታ ሆይ፣ ካንተ ጋር ሒሳብ አስቸጋሪ ነው።
ተመስገን ስለ ዝናብ፣ ጣሪያዬን ላፈሰሰው፤
ተመስገን ስለ ጉልበቴ፣ የደወሉን ደረጃ እያጉረመረመ ለሚወጣው፤
ስለ ሃያ ስድስት ዓመት፣ እሷ ጨው ስታበዛ፣
እኔ ዝም ብዬ ስበላ።
ስለ ዛሬዋ አንዷም።

ወቀጥኩት፣ በወተት አዋሕጄ ቀመስኩት፤
ጣፈጠኝ።
አንዲት ገለባ ግን ጥርሴ መሀል ቀረች፤ ላወጣት አልሻሁት፤
በምላሴ ጫፍ እየነካኋት
የማታውን ደወል ሄጄ ደወልኩት።